ቀዮና ጠይም በአንድ ወረቀት

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር ነው። “የላም በረት” ለማለት አፋችሁን አትክፈቱ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ቁራ አለ፣ ፍየል አለች፣ ኤሊ አለች፣ ሁለት ቫዮሊኖች አሉ። ላም ግን አልጠራኋትም፣ አልመጣችም። እናንተ “እሺ፣ ከዚያስ?” በሉኝ፣ እሱ ይበቃኛል።

ከዚያማ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ እንጨት ጠራቢ ነበሩ። ዕቃ ሲያወራ ሰው ይሰማ ነበር ወይ ብላችሁ እንደሆነ፣ አይሰማም ነበር። ሰው ያኔም እንደ ዛሬው የራሱን ወሬ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዜማ ሲሆን ግን ጆሮ ይሰጥ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አንድ ክረምት ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለውና ጋሽ ድንበሩ ቤት ከረመ። በእጁ ቫዮሊን የምትባል ወገበ ቀጭን፣ ባለ አራት ክር መሣሪያ ይዞ ነበር። ጋሽ ድንበሩ እስከዚያ ድረስ የሚሠሩት ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ነው። ቫዮሊኗን አገላብጠው አዩና፣ “ይህችንማ እኔም እሠራታለሁ” አሉ። መንገደኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ደርቆ የተቀመጠ ዋንዛ ነበራቸው፤ ከአንዱ ግንድ ሁለት ቫዮሊን ጠረቡ። የመጀመሪያዋ ቀላ ብላ ወጣች፣ ቀዮ አሏት። ሁለተኛዋ ጠቆር ብላ ወጣች፣ ጠይም አሏት። ቀዮን ራሳቸው ያዙ፣ ጠይምን ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ሰጡ።

መንገደኛው ክረምቱን ሙሉ ኖታ ማንበብ አስተማራቸው። ወንዙ ሲጎድል አንድ ወረቀት ትቶላቸው ሄደ።

“ለሁለት ቫዮሊን የተጻፈ ዜማ ነው” አላቸው። “ወረቀቱ አንድ ነው፣ ዜማው የሁለት ነው።”

እንዴት እንደሚነበብ አሳያቸውና ወንዙን ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ ባልና ሚስቱ ያቺን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። ጋሽ ድንበሩ ቀዮን አገጫቸው ሥር አድርገው በበሩ በኩል ይቆማሉ። እትዬ አስካለ ጠይምን አገጫቸው ሥር አድርገው በግድግዳው በኩል ይቆማሉ። ጠረጴዛው መሃል ይሆናል። ይጫወታሉ፣ ይጨርሳሉ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ይባባላሉ፣ ራት ይበላሉ። ሠላሳ ዓመት! እናንተ ሠላሳ ደቂቃ አንድ ቦታ ስትቀመጡ ነው የሚቁነጠንጣችሁ።

ታዲያ አንድ ጥቅምት እትዬ አስካለ ታመሙ፣ በሳምንቱ ሞቱ። ይህን በቀስታ የምነግርበት ዘዴ የለኝም። ሞቱ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ጋሽ ድንበሩ ቫዮሊኖቹ የሚያድሩበትን ሣጥን ከፈቱ። ወረቀቱን ዘረጉ፣ በበሩ በኩል ቆሙ፣ ቀዮን አገጫቸው ሥር አደረጉና ጀመሩ። ዜማው ወጣ፣ ግን ግማሹ ነበር። ቀና ብለው በግድግዳው በኩል ተመለከቱ። ግድግዳው ብቻ ነበር። ደጋኑን አስቀመጡ፣ ሁለቱን ቫዮሊኖች አንድ ሣጥን ውስጥ አስተኙ፣ ወረቀቱን ከላያቸው አለበሱና ክዳኑን ዘጉ። ዓመት ሙሉ አልከፈቱትም።

ከወንዙ ማዶ የእህታቸው ልጅ አልጋነሽ ትኖር ነበር። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ደርባባ ሴት ናት፤ በልጅነቷ ቫዮሊን መያዝና ኖታ ማንበብ የተማረችው ከእትዬ አስካለ እጅ ነው። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ በአንድ ገበያተኛ ቃል ላከችባቸው። “አጎቴ፣ አንድ ሰው በሁለት ቫዮሊን ምን ያደርጋል? የእትዬ አስካለን ለኔ ይስጡኝ። በሣጥን ውስጥ ከምትነቅዝ እኔ ጋ ሆና ድምጿ ይሰማ።”

ጋሽ ድንበሩ ረቡዕ ቀን ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ይህን ሰሙ። ክዳኑን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ለገበያተኛው፣ “እውነቷን ነው” አሉት። “ቅዳሜ ትምጣና ጠይምን ትውሰድ።”

“ሰማሽ?” አለች ቀዮ ሣጥኑ ውስጥ።

“ሰማሁ” አለች ጠይም።

“ሊለያዩን ነው።”

“ሊለያዩን ነው።”

ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ከተወለዱ ጀምሮ ተለያይተው አድረው አያውቁም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለቱም ፈሩ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ፈሩ።

“እኔ የምለው” አለች ጠይም፣ “ያንን ዜማ ብንጫወተውስ? እሳቸው ከሰሙን አይለያዩንም።”

“ልክ ነሽ! እንጫወተው!” አለች ቀዮ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ድንበሩ እንጨት ሊሰነጥቁ ሲወጡ ሁለቱ ክዳኑን ገፋ አድርገው ወጡ። መቃኛቸውን ጠመዘዙ፣ ደጋናቸውን ሙጫ ቀቡ፣ ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ጠፋባቸው። ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ክር የሚያውቀውን ይረሳል። ቀዮ መጀመሪያዋን ታስታውሳለች፣ ጠይምም መጀመሪያዋን ታስታውሳለች፣ የቀረው ጭልም ያለ ነው።

“ወረቀቱን እንየው” ተባባሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቀዮ እንደለመደችው በበሩ በኩል፣ ጠይም እንደለመደችው በግድግዳው በኩል ቆሙ።

አሁን ነው ጉዱ የመጣው። ሠላሳ ዓመት ሁለቱም አገጭ ሥር ሆነው የሚያዩት የየራሳቸውን ብቻ ነበር። ቀዮ ልቧ ውስጥ፣ “ወረቀቱ የተጻፈው ለኔ ነው፣ ያቺ ማዶ ያለችው በጆሮዋ እየሰማች ትከተለኛለች” ትል ነበር። ጠይምም ልቧ ውስጥ ልክ ይህንኑ ትል ነበር። አንድም ቀን አፍ አውጥተው ስላልተነጋገሩ ሠላሳ ዓመት ተዋደው ኖሩ።

“ገልብጠሽ እያየሽው ነው” አለች ቀዮ። “ወደዚህ ዙሪ። ራሱ በኔ በኩል ነው፣ እግሩ ባንቺ በኩል ነው።”

“ምን ሆነሻል? ራሱ በኔ በኩል ነው፣ እግሩ ባንቺ በኩል ነው” አለች ጠይም።

“እኔ ታላቅሽ ነኝ! በሁለት ሳምንት እበልጥሻለሁ!”

“ታላቅ ስለሆንሽ ወረቀት አይዞርም!”

“ዜማው የኔ ነው፤ አንቺ አጃቢ ነሽ!”

“ዜማው የኔ ነው፤ አንቺ አጃቢ ነሽ!”

ለመለያየት ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። እነሱ ግን አብረው ለመሆን ያወጡትን ወረቀት ይዘው ተጣሉ። ደግሞ አትሳቁ፣ እናንተም ቤት ይህ አለ።

“ዳኛ ይፍረደን” አለች ጠይም።

“ይፍረደን” አለች ቀዮ።

ወረቀቱን ጠቀለሉ፣ ደጋናቸውን ምርኩዝ አድርገው ወጡ።

አያ ቁራ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን ከአጥሩ ሥር ሣር ላይ ዘረጉለት። እንደ አጋጣሚ የጠይም ወገን በእሱ በኩል ዋለ።

“አያ ቁራ፣ ፍረደን። የዚህ ወረቀት ራስ በየት በኩል ነው?”

አያ ቁራ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ዓይኑ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ለነገሩ የሱ ጉሮሮ ቢጠረግም ያው ነው። “ራሱ በጠይም በኩል ነው!” አለ።

“አንተ ደግሞ! ክንፍ አለህ አይደል? እስቲ በወዲያ በኩልም ሂድና እየው” አለች ቀዮ።

“እኔ ዳኛ ነኝ፣ አልዞርም!” አለ አያ ቁራ። “መዞር የባለጉዳይ ሥራ ነው።”

ጠይም ወረቀቱን ጠቅልላ በኩራት ወደ ቤት ሄደች። ቀዮ ከኋላ እያጉረመረመች ተከተለች። ሐሙስ በዚህ አለቀ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ድንበሩ እንደገና ወጡ። “ዛሬ ዳኛ የምመርጠው እኔ ነኝ” አለች ቀዮ። ጠይም እሺ አለች። ሄዱና እመት ፍየልን ጓሮ ውስጥ ስታመሰኳ አገኟት።

“እመት ፍየል፣ ፍረጅን። የዚህ ወረቀት ራስ በየት በኩል ነው?”

እመት ፍየል ጺሟን አወዛወዘች። “በባዶ ሆድ ዳኝነት የት አለ?” አለች።

ጠይም ውሃ ልታመጣላት ዞር አለች። ቀዮ ያን ጊዜ ቶሎ ብላ ወደ ፍየሏ ጆሮ ጠጋ አለች። አሁን የምነግራችሁን እየተጸየፍኩ ነው የምነግራችሁ፤ ግን ተረት የሚነግር ሰው ደስ ያለውን ብቻ መርጦ አይነግርም። “እመት ፍየል” አለች ቀዮ በሹክሹክታ፣ “ያቺን የማዶዋን ጥግ ቅመሻት። እሷ መጀመሪያዬ የምትለው እዚያ ነው ያለው። መጀመሪያው ከጠፋ ምን ይዛ ትከራከራለች?”

ፍየል ሁለት ጊዜ አይነገራትም። ግምጥ አደረገቻት። ጠይም ውሃውን ይዛ ስትመለስ ጥጉ የለም፤ ፍየሏ እያላመጠች ነው።

“ራሱ በቀዮ በኩል ነው” አለች እመት ፍየል አፏ እንደሞላ። “ወረቀቱ ግን ጨው ያንሰዋል።”

ጠይም ጮኸች። “መጀመሪያዬ! የመጀመሪያዋ የኖታ ምልክቴ እዚያ ላይ ነበረች!”

“እኔ ምን ላድርግ፣ የፍየል ነገር” አለች ቀዮ። ድምጿ ግን ደህና አልነበረም፤ አንዱ ክሯ በራሱ ላልቷል። ሁለቱ ወደ ቤት ተመለሱ። ሣጥኑ ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተኙ። ዓርብ በዚህ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ድንበሩ ነጠላቸውን ደርበው፣ “የወንዙ ድንጋይ ያዳልጣል፣ ልጅቱን ልቀበላት” እያሉ ለራሳቸው አወሩና ወጡ። ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው።

“አንድ ዳኛ ለኔ፣ አንድ ዳኛ ላንቺ ፈረዱ” አለች ቀዮ። “ሦስተኛ እንፈልግ።”

“እኔ ፍርድ በቃኝ” አለች ጠይም። “ዛሬ ልሄድ ነው። ወረቀቱን አንቺ ያዢው፣ ራሱ ባንቺ በኩል ይሁንልሽ።”

ቀዮ ይህን ስትሰማ ያሸነፈች ሊመስላት ይገባ ነበር። አልመሰላትም፤ ወረቀቱን መልሳ ወደ ጠይም ገፋችው። ያን ጊዜ ከደጃፉ፣ “ቤቶች!” የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ወጥተው ቢያዩ እማማ ኤሊ ናት፤ አቧራ መስላ፣ እያለከለከች።

“ሐሙስ ለት ከቁራው ጋር ስትጨቃጨቁ ሰምቼ ነበር” አለች እማማ ኤሊ። “ላስታርቃችሁ ብዬ ያኔውኑ ተነሣሁ። ይኸው ደረስኩ። አልቋል እንዴ?”

“አላለቀም” አሉ ሁለቱም።

ወረቀቱን ደጃፉ ላይ ዘረጉላት። ኤሊ ኖታ ማንበብ ትችላለች ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ፍየል ስትፈርድ ዝም ብላችሁኛል። እማማ ኤሊ በቀዮ በኩል ቆመች። አንገቷን አወጣችና ከላይ ጀምራ እስከ ታች አንጎራጎረችው። ደስ የሚል ዜማ ነበር።

“ልክ ነው” አለች። “ራሱ እዚህ ነው።”

“አላልኩም?” አለች ቀዮ።

“ቆይ እንጂ ልጄ። አልጨረስኩም” አለች እማማ ኤሊ። ከዚያ ተነሣችና ወረቀቱን መዞር ጀመረች። አንድ እግር፣ ሁለተኛ እግር፣ ሦስተኛ እግር። አረፍ። ደግሞ አንድ እግር። ፀሐይዋ ደጅ ካለው ዋርካ በላይ ወጣች። ከወንዙ በኩል የሰው ድምፅ መሰማት ጀመረ፣ የአልጋነሽ ሳቅ ነው። እማማ ኤሊ አሁንም እየዞረች ነው።

በመጨረሻ በጠይም በኩል ደረሰች። አንገቷን አወጣችና ከዚያ በኩል ያለውን ከላይ ጀምራ እስከ ታች አንጎራጎረችው። የተበላችውን ጥግ ዘለለቻት። ሌላ ዜማ ነበር፣ እሱም ደስ የሚል።

“ልክ ነው” አለች። “ራሱ እዚህ ነው።”

“እማማ፣ ሁለታችንንም ለማስደሰት ነው?” አለች ጠይም።

“ለማስደሰትማ ቢሆን እዚያው ቆሜ እዋሻችሁ ነበር፣ ለምን እዞራለሁ? ይልቅ ንገሩኝ። ሠላሳ ዓመት ስትጫወቱ ጋሽ ድንበሩ የት ነበር የሚቆሙት?”

“ጋሽ ድንበሩ በበሩ በኩል።”

“ባለቤታቸውስ?”

“እትዬ አስካለ በግድግዳው በኩል።”

“ስንት ወረቀት ነበር?”

ያን ጊዜ ከመሬት፣ “አንድ!” የሚል ድምፅ መጣ። ወረቀቱ ነው። “አንድ! እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ቀን ጠቅልላችሁ ጎተታችሁኝ፣ ለቁራ አሳያችሁኝ፣ በፍየል አስበላችሁኝ፣ ኤሊ በዙሪያዬ አስዞራችሁ። ‘አንተ ወረቀት፣ ራስህ በየት በኩል ነው?’ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም።”

“በየት በኩል ነው?” አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

“በሁለቱም በኩል። አንድ ተርታ ምልክት ነው ያለኝ፤ አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ ታነቡታላችሁ። የጠይም መጀመሪያ የቀዮ መጨረሻ ነው። የቀዮ መጀመሪያ የጠይም መጨረሻ ነው። መሃል ላይ ትገናኛላችሁ።”

ጠይም ደስ ብሏት ዘለለች። ቀዮ ግን አልተነቃነቀችም። የተበላችውን ጥግ እያየች ነበር።

“የጠይም መጀመሪያ የኔ መጨረሻ ነው?” አለች ቀስ ብላ።

“ነው” አለ ወረቀቱ።

“እንግዲያው ፍየሏ የበላችው…”

“መጨረሻሽን ነው።”

የአልጋነሽ ሳቅ ቀርቧል። እማማ ኤሊ፣ “በሉ ግቡ፣ እኔ እዚሁ ደጃፍ አርፋለሁ” አለች። ሁለቱ ወረቀቱን አንሥተው ወደ ውስጥ ሮጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቀዮ በበሩ በኩል፣ ጠይም በግድግዳው በኩል ቆሙ።

“ጠይም” አለች ቀዮ። “ፍየሏን እኔ ነኝ ብይው ያልኳት። መጀመሪያሽ እንዲጠፋ ብዬ ነው። አሁን መጨረሻዬ የት እንደነበረ አላውቅም። ያንቺን መጀመሪያ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።”

ጠይም አየቻት። እኔ ብሆን አልነግራትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ቂመኛ ነኝ። ጠይምም አልነገረቻትም። “ጀምሪ” ብቻ አለቻት።

ጀመሩ። ጠይም የተበላችውን የመጀመሪያ ምልክቷን ከልቧ አውጥታ መታቻት፤ እሷን ረስታት አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ መራቸው። ቀዮ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ጠይም ወደ እሷ ትመጣለች። አንዷ ስትፈጥን አንዷ ትረጋለች፣ አንዷ ስትጠይቅ አንዷ ትመልሳለች። መሃል ላይ ደረሱ። አንዲት ምልክት ላይ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ ከሁለት ወገን። ቀዮ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማዶ ያለችውን አየቻት፤ የምትከተላት ሳትሆን ልትገናኛት የምትመጣ ነበረች። ከዚያ ተላለፉ፤ ጠይም በቀዮ መንገድ፣ ቀዮ በጠይም መንገድ ሄዱ።

በሩ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ቆሙ። ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው አልገፉትም።

“አጎቴ፣ ቤትዎ ውስጥ ሰው አለ?” አለች አልጋነሽ።

“ዝም በይ” አሉ። “ዝም በይ ልጄ። ያ ላይኛው ድምፅ የአስካለ ነው።” ቀስ ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፣ ከእማማ ኤሊ አጠገብ።

ውስጥ መጨረሻው እየቀረበ ነው። ለቀዮ አምስት ምልክት ቀራት፣ አራት ቀራት፣ ሦስት ቀራት። ከዚያ ወዲያ የፍየል ጥርስ ያረፈበት ባዶ ጥግ ነው። መጨረሻ የሌለው ዜማ ዜማ አይደለም፤ ሰው ዳገት አጋምሶ እንደቆመ ያህል ነው። ሁለት ቀራት። አንድ ቀራት።

“ምልክቷ ከአምስቱ መስመር ከላይ ሁለተኛው ላይ ነበረች!” አለች ጠይም በዜማው ሥር። “ለኔ ከላይ ሁለተኛው!”

ለጠይም ከላይ ሁለተኛ የሆነው ለቀዮ ከታች ሁለተኛው ነው። ቀዮ እዚያ ላይ ደጋኗን አሳረፈች። ጠይምም በዚያው ቅጽበት በራሷ መጨረሻ ላይ አሳረፈች። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ አረፉ፣ ቤቱም ጸጥ አለ።

ጋሽ ድንበሩ በሩን ከፈቱ። ጠረጴዛው ላይ ቀዮ በወዲህ፣ ጠይም በወዲያ ተጋድመዋል። ወረቀቱ መሃል ነው። ሰው የለም። ጋሽ ድንበሩ ዙሪያውን አዩ፣ ከሣጥኑ ጀርባ አዩ። ከዚያ የወረቀቱን ጥግ አዩ።

“ፍየሏ ገብታ ነበር” አሉ።

“ፍየል ነው ታዲያ የተጫወተው?” አለች አልጋነሽ።

ጋሽ ድንበሩ ቁራጭ ወረቀት ፈልገው ጥጉን በሙጫ ለጠፉ። በእርሳስ አምስት መስመር አሰመሩ፣ ከታች በሁለተኛው ላይ አንዲት ምልክት አደረጉ። ምልክቷ ቦታዋን አልሳተችም። ቀዮን አነሡ።

አልጋነሽ ጠይምን አነሣች። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ወረቀቱን እኩል ለማየት አጎቷ ጎን፣ በበሩ በኩል ቆመች።

“እዚህ አይደለም ልጄ” አሉ ጋሽ ድንበሩ። “ማዶ ቁሚ።”

“አጎቴ፣ ከዚያ በኩል ተገልብጦ ነው የሚታየኝ።”

“አልተገለበጠም” አሉ። “ከዚያ በኩል የአስካለ ነው።”

አልጋነሽ ዞራ በግድግዳው በኩል ቆመች። ጋሽ ድንበሩ ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ዓይናቸው አረፈ። ዓመት ሙሉ አላለቀሱም ነበር። አሁን አለቀሱ፤ እያለቀሱም ተጫወቱ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። አልጋነሽ ልማዱን አታውቀውም፣ ግን “አብሮ ይስጥልን” ብላ መለሰች።

ልትሄድ ስትነሣ ጠይምን ያዘቻት። በር ላይ ደርሳ ቆመች። ተመለሰችና ራሷ ሣጥኑን ከፈተች፣ ጠይምን ከቀዮ ጎን አስተኛቻት።

“እዚሁ ትቀመጥ” አለች። “እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ እዚሁ እከርማለሁ፤ እዚህ የከረመ እንግዳ ከዚህ በፊትም አይተዋል።”

ክዳኑ ተዘጋ።

“ጠይም” አለች ቀዮ። “የወረቀቱ ራስ በየት በኩል ነው?”

“ባንቺ በኩል” አለች ጠይም።

“የለም፣ ባንቺ በኩል ነው።”

“ባንቺ በኩል ነው አልኩሽ!”

እንዲህ ሲጨቃጨቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው ይባላል። እማማ ኤሊ ወደ ቤቷ ተነሥታለች፤ ዛሬም ገና አልደረሰችም።

እንግዲህ ልጆች፣ ከዚህ ተረት የምትይዙት ይህን ነው። ማዶ የቆመ ሰው ነገሩን ገልብጦ የያዘ ሲመስላችሁ፣ ተነሡና ዙሩ፣ ከሱ በኩልም አንብቡት። ዞሮ ማየት ቢደክማችሁ እንኳ የሱን ጥግ ለፍየል አትስጡ፤ መጨረሻችሁ እዚያ ላይ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ተረቴ አለቀ። መልሱልኝ አልላችሁም፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ማዶ ለተቀመጠው ንገሩልኝና ይበቃኛል፤ እሱም ከመጨረሻው ጀምሮ ይነግራችሁ ይሆናል።